የተጋደመው እርሳስ

እኔ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያም ለአሥራ አንድ ዓመት በቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ዳኛ የነበርሁ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በመኝታ ክፍሌ ትራስ ተደግፌ ይህን ቃል አስጽፋለሁ። እግሬ አይሄድም፤ ጆሮዬ አይሰማም፤ አእምሮዬ ይሠራል። ይህንን ለማረጋገጥ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ከመቶ ወደ ኋላ በሰባት በሰባት እየቀነስሁ እንድቆጥር ጠይቃኛለች። ቆጥሬአለሁ። ስልሳ አምስት ላይ እርሷ ስትሳሳት አርሜአታለሁ።

ያስገደደኝ ሰው የለም። ሊያስገድደኝ የሚደፍር ሰው በአጠገቤ ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ብቻዬን ባልቀረሁ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው፤ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ የቴሌቪዥን ልብሶቼን ይሰፋ የነበረው ልብስ ሰፊ፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ፣ እና ሽቦ የምንለው የድምፅ ባለሙያ። የእኅቴ ልጅ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጣለች፤ ወራሽ ስለ ሆነች ምስክር አይደለችም። ከጥርስ ሐኪም ቤት ሥራዋ በቀጥታ ስለ መጣች ነጭ ካፖርቷን አላወለቀችም።

ጸሐፊው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ ስለማልሰማ፣ በክፍሉ ውስጥ ማንም ሰው የተናገረውን በትልልቅ ፊደል እየጻፈ ያሳየኛል፤ አንብቤ እመልሳለሁ። የተጻፈው ሁሉ በዚሁ ሰነድ እንዲቆይ አዝዣለሁ።

«እትዬ፣ ወግ እኮ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም» አለ ጸሐፊው።

«ምን እንደ ተባለ ሳላውቅ የምፈርመው ወረቀት የለም» አልሁት።

«እሺ። እጄ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ከወራሾቹ መካከል ያስገቡኝ።»

አንደኛ፣ ስለ ቀብሬ። የቴሌቪዥን ሰዎች አይምጡ። ቢመጡም መብራት አይትከሉ። በቀብሬ ላይ ማንም እንዳይዘፍን። እኔ አልሰማውም፤ ሌላው ሰው ደግሞ በእኔ ሳቢያ መጥፎ ድምፅ ሊሰማ አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ይህ ቤት ከነግቢው ለልጄ ይሁን። ልጄ ሩቅ ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ ሰላምታ ይልክልኛል። ቃሉ ተለውጦ አያውቅም። በሰባት ዓመቱ ፒያኖ ላይ አስቀምጬ ጣቶቹን በማስመሪያ መትቼዋለሁ፤ አንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ዓመት ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ፒያኖ ባለበት ክፍል ገብቶ አይቼው አላውቅም፤ እዚህ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ፒያኖውን አስወጡ፤ የቆመበትን ወለል አስወልውሉ፤ ከዚያ ቁልፉን ስጡት።

ሦስተኛ፣ የድርጅቱ ዋና የቀረጻ ክሮች በሙሉ፣ በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት፣ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ይሰጡ። አንድ ዕዳ አብሯቸው ይሄዳል። ከክሮቹ መካከል በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግሁባቸው ዐሥራ ሁለት ዘፈኖች ግጥማቸው የአንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። እኛ በዘፋኙ ስም አወጣናቸው። ዘፋኙ ለመነኝ፣ እኔም ፈረምሁ። ያ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቱ ቢሮዬ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም። «ስሜን ብቻ» ይል ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀረ፤ ሞቶ ነው። ሙሉ ስሙን በመሳቢያዬ ውስጥ በወረቀት ጽፌ አስቀምጫለሁ። በዐሥራ ሁለቱም ላይ ይጻፍ። ለእርሱ ምንም እንደማያደርግለት አውቃለሁ።

አራተኛ፣ ሰው ከእኔ ምክር ስለሚጠብቅ የማውቀውን እናገራለሁ።

በአዳሪ ትምህርት ቤት የመዝሙር አስተማሪያችን ዓይነ ስውር ሴት ነበረች። ስንዘምር በመካከላችን ትመላለሳለች፤ ከልኩ የወጣችውን ልጅ ትከሻዋን ትነካታለች። የተነካች ልጅ ዝም ትላለች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አፏን አትከፍትም። አስተማሪያችን አንድም ቀን ተሳስታ ትከሻ አልነካችም። እኔ እንደ እርሷ ልሆን ተመኘሁ። ለዘፋኝ መራራት ከሰሚው መስረቅ ነው ብዬ ያመንሁት ያኔ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመቴ በሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት ታይፕ መቺ ሆኜ ተቀጠርሁ። ባለቤቱ አዲስ ቀረጻ ሲመጣለት የቢሮውን በር ከፍቶ ያጫውት ነበር። ከጊዜ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ዘፈኑን ሳይሆን የእኔን ታይፕ ነበር የሚሰማው። ጣቶቼ ሳይቆሙ ያለፈውን ዘፈን ይመልሰዋል፤ ጣቶቼ የቆሙበትን ያሳትመዋል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ታይፑን ወስዶ ወንበር ሰጠኝ፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ደግሞ ድርጅቱን።

ሰው ዘፈን መግዛት ሲተው ድርጅቱ ተዘጋ። ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። የመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ «እትዬ፣ ሲቆጡ ወደዚህኛው ካሜራ ነው» አለኝ። «ስቆጣ ካሜራ አላማርጥም» አልሁት። ያንኑ ቃሌን ማስታወቂያ አደረገው። ውድድሩ በቀጥታ ስለሚተላለፍ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ እጄ ሲነሣ የዘፋኙ ማይክሮፎን ይዘጋል፤ የተበላሸ ድምፅ ከአዳራሹ እንዳይወጣ። ሕዝቡ «መጋዝ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ታክሲ ተራ ላይ ስቆም «እትዬ መጋዝ! ወረፋውን ይለቁልኛል ወይስ ልዝፈንብዎት?» ይሉኝ ነበር። አልከፋኝም። መጋዝ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል እንጂ አያዳላም።

በአሥራ አንድ ዓመት አሥራ አንድ ሰው አሸናፊ አድርገናል። ዛሬ የሚዘፍኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ጎማ ይሸጣል። አንዷ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች፤ የሚያውቃት ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ ታዞራለች ይሉኛል። የሌሎቹን አላጣራሁም፤ ፈርቼ ነው። ስለዚህ ምክር የለኝም።

አምስተኛ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቅን ዳኝነት ሽልማት ተብሎ የተሰጠኝ የመስታወት ሐውልት ለእኅቴ ልጅ ይሁን። የተሸለምሁት በእርሷ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ተወዳዳሪ ነበረች፤ በሃያ አራት ዓመቷ። ወደ መጨረሻው ዙር ልታልፍ ስትዘፍን እጄን አነሣሁ። «ልጄ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሺ የለሽም» ብዬ በሕዝብ ፊት አሰናበትኋት። በማግስቱ ጋዜጦቹ «የእኅቷን ልጅ እንኳ አልማረችም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን በኋላ በፍርዴ የተከራከረኝ ዘፋኝ የለም።

ይህን ሳስጽፍ የእኅቴ ልጅ ሳቀች። ጸሐፊው የተናገረችውን አሳየኝ፤ «እቴቴ፣ ያን ድንጋይ ከአሁን በኋላም እኔው ነኝ የምወለውለው ማለት ነው?»

«መስታወት ነው» አልኋት።

«የሚወለውለው ሰው ነው ክብደቱን የሚያውቀው።»

ስድስተኛ፣ የብረታ ብረት ሱቆቹ ያሉበት መንገድ ላይ ያለው የድርጅቱ አሮጌ ክፍል፣ በፊቱ ሱቅ፣ በጀርባው መቅረጫ የነበረው፣ እርሱም ለእኅቴ ልጅ ይሁን። ልትሸጠውም ልታከራየውም ትችላለች። ሦስት ዓመት ገላዬን አጥባኛለች፤ መድኃኒቴን በሰዓቱ ሰጥታኛለች። ከንፈሯን ነክሳ ስታጥበኝ አይቼ አላውቅም። ሰው ካዋረደው ሰው እጅ እንዲህ ያለ እንክብካቤ አያገኝም።

ሰባተኛ፣ ስለ ሽቦ። ሽቦ የተባለው ቀጭን ስለ ሆነና አንገቱ ላይ ገመድ ሳይጠመጥም ስለማይታይ ነው። ምስክር በመሆኑ ከንብረቴ ሊወርስ አይችልም፤ ጸሐፊው ሕጉን ነግሮኛል። ስለዚህ የምተውለት ምስጋና ብቻ ነው። ምስጋናው እንዲገባችሁ ደግሞ እስከ ዛሬ እኔና እርሱ ብቻ የምናውቀውን መናገር አለብኝ።

በስልሳ ስድስት ዓመቴ የስልኬን ጥሪ መስማት ተውሁ። ከዚያ ወፎቹ ዝም አሉ። እኔ ወፎቹ የሄዱ መስሎኝ ነበር። የጆሮ ሐኪሙ፣ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ወደ ታች እየሄደ ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም አለኝ። ወፍራሙን እሰማለሁ፤ አንዲት ሴት ወደ ላይ ስትወጣ ግን፣ መሰላል ስትወጣ ቆይታ በጣሪያው ቀዳዳ እንደ ጠፋች ሰው ትሆንብኛለች። ወንበሩን መልቀቅ ነበረብኝ። አልለቀቅሁም። ከዚያ ወንበር ስነሣ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ለሽቦ ብቻ ነገርሁት። ዘዴውን ያመጣው እርሱ ነው። ከፊት ለፊቴ በመስታወት ክፍሉ ውስጥ፣ በድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እርሳስ ያቆማል። እርሳሱ እንደ ቆመ ከሆነ ድምፁ ልክ ነው። ካጋደመው ከልኩ ወጥቷል፤ እጄን አነሣለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ፈረድሁ። ማንም አልጠረጠረኝም።

ምስጋናዬ በተለይ ስለ አንዱ ቀን ነው። የእኅቴ ልጅ ስትዘፍን፣ ሥጋዬ መሆኗን እያወቀ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ እርሳሱን አጋደመው። ለእኔ አላዘነልኝም። ከአስተማሪዬ በቀር እንዲህ ያለ ጽኑ ሰው አላየሁም። ስለዚህ በምስክሮች ፊት አመሰግነዋለሁ።

ይህን አስጽፌ ቀና ስል ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ውኃ ልትሰጠው ተነሥታለች። የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ ታያለች። ጸሐፊው ወረቀቱን አዞረልኝ።

«እትዬ፣ እኔ አላጋደምኩትም።»

«ምን?» አልሁ። ጸሐፊው ያንኑ ከሥሩ በትልቁ ደገመው።

«እንዴት አላጋደምኸውም? ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ጸሐፊው ሲጽፍ እጁ አልደረሰለትም፤ ሽቦን ሁለት ጊዜ አስቁሞታል። እንዲህ ነው ያለው።

«ተጋድሞ ነበር። ግን ምልክት አልነበረም። አንዱ የጠረጴዛው ቁልፍ ወደ ውስጥ እየገባ ይቀር አልነበር? በሹል ነገር ካልተጎረጎረ አይወጣም። እሱን በእርሳሱ ጫፍ እያወጣሁ ሳለ ልጅቷ ወደ ላይ ወጣች። እትዬ፣ አወጣጧ… የድምፁን ኃይል የሚያሳዩት መብራቶች በሙሉ ቀይ ሆኑ። ያ ጠረጴዛ እንደዚያ ያለ ድምፅ ገብቶበት አያውቅም። ዝቅ ላደርገው ሁለት እጄን ፈለግኩ። እርሳሱን ወረወርኩት። ቀና ስል እጅዎ ተነሥቷል።»

«ማይክሮፎኑን ለምን ዘጋኸው ታዲያ?»

«እጅዎ ሲነሣ እዘጋለሁ። ስንት ዓመት ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ ነው የዘጋው፤ እኔ ከዘጋሁት በኋላ ነው የነቃሁት።»

«ከዚያስ? ዘጠኝ ዓመት አፍህ ላይ ምን ተቀምጦበት ነበር?»

«አውቀው ያደረጉት መሰለኝ! ዘመዷን አሳለፈች እንዳይሉዎት ልጅቷን የሠዉአት መሰለኝ። ጋዜጣው ሲያወድስዎ ደግሞ ‹በቃ፣ ይሄው ነው› አልኩ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ‹እትዬ፣ ለምን ግፍ ሠሩ?› ልበል?»

«እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያንተን ጽናት ሳደንቅ ኖርሁ።»

ልብስ ሰፊው «ሁለት ብልህ ተማምኖ አንድ ሞኝ አይሞላም» አለ። የሳቀ የለም። እርሱም ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

የእኅቴ ልጅ ከወንበሯ ተነሥታ ሽቦ ፊት ቆመች። ጸሐፊው ሳላዝዘው ጻፈልኝ።

«ጋሼ፣ ልክ ነበርኩ?»

«ልክ? ልክ ምን ያደርግልሻል! የክንዴ ፀጉር ነው የቆመው።»

«ቀረጻው አለ?»

«እጃቸው እስኪነሣ ድረስ ያለው አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው የለም። ማይክሮፎኑ ተዘግቷል።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«እዚህ» አለ፤ ጆሮውን ነካ። «የኔም እየደከመ ነው፣ ልጄ።»

በዚህ ጊዜ እኔ ስሕተት ላይ ስሕተት ጨመርሁ። በሕይወቴ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ ወደ ማረም ይሮጣል። ጸሐፊውን፣ አምስተኛው ይሰረዝ፣ ግን በአንድ መስመር ብቻ፣ እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዝ አልሁት። ስድስተኛው ይለወጥ አልሁ፤ ክፍሉ አይሸጥ፤ ሽቦ ግድግዳውን ያድስ፤ መቅረጫው እንደገና ይቁም፤ ልጅቷ ትቅረጽ፤ በዚያ ቀን የጠፋው ይመለስ። እያስጻፍሁ ሳለ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ጸሐፊው ከእጇ በታች ባለው ባዶ ቦታ የምትለውን ጻፈ።

«እቴቴ፣ ለምን እንደማጥብዎት ያውቃሉ? ሰው ይጠይቀኛል። በአገር ፊት ያዋረደችሽን ሴትዮ ገላዋን ታጥቢያለሽ? ይሉኛል። የምመልሰው አንድ ነው፤ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። እናቴ ዋሸችኝ፤ ጎበዝ ነሽ አለችኝ። ጓደኞቼ ዋሹኝ። እቴቴ ግን አልዋሸችኝም። እዚያች ላይ ነው የቆምኩት። በሌለኝ ድምፅ ስንከራተት አላረጀሁም፣ ተመስገን፣ ብዬ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ልጄን እሹሩሩ የሚላት አባቷ ነው። እኔ ጆሮዋን እንዳላበላሽባት።»

«አሁን እኮ እውነቱን አገኘሽ» አልኋት።

«አሁን ምን ላድርገው? ንገሪኛ! ምን ላድርገው?»

አንቺ አለችኝ። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ተገቢ ነው።

ሽቦ ጣልቃ ገባ። «ጉሮሮ እኮ ይመለሳል። ቀስ እያልሽ፣ ጠዋት ጠዋት እየተለማመድሽ…»

የእኅቴ ልጅ እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ቀጥ ብላ ቆመች። ትከሻዋን ለቀቀች፤ የጎን አጥንቶቿ ሲከፈቱ በካፖርቷ ላይ ታየኝ። በዘጠኝ ዓመቷ እኔ ያስተማርኋት አቋቋም ነው። አፏ ተከፈተ። የጉሮሮዋ ሥር ተገተረ፤ ቆየ። ፊቷ ቀላ። ከዚያ አፏ ተዘጋ። ጸሐፊውን በዓይኔ ጠየቅሁት። ጻፈልኝ፤ «ምንም።»

የሽቦን ፊት አየሁ። አምስት ዓመት እርሳሱን ብቻ ሳይ ፊቱን ማንበብ ሳልማር ቀርቻለሁ፤ ዛሬ ግን ፊቱን ለማንበብ መማር አያስፈልግም ነበር። አንገቱን ደፋ።

«አየህ ጋሼ» አለችው፤ «ያለው ይሄ ነው።»

ስለዚህ ስድስተኛው አንቀጽ እንደ መጀመሪያው ይሁን። ክፍሉን ትሽጠው።

ስምንተኛ፣ ስለ እውነቱ። ስሞት በጋዜጣ እንዲወጣ፣ ያልሰማሁትን ስፈርድ እንደ ኖርሁ፣ ያቺን ልጅ በስሕተት እንዳሰናበትሁ፣ ልክ እንደ ነበረች በትልቅ ፊደል እንዲታተም አስጽፌ ነበር። እርሷ እንቢ አለች።

«ማን እንዲያነበው? ልጄ? እናትሽ ትችል ነበር ተብላ እንድታድግ? ጥርስ ሊያስነቅል የመጣ ሁሉ አፉን ከፍቶ ‹አይ አንቺ፣ ስታሳዝኚ› እንዲለኝ?»

«ሰው እኔን ቅን ዳኛ ነበረች ብሎ እንዲቀብረኝ ነው የምትፈልጊው?»

«እሱ ያንቺ ሸክም ነው። እኔ የምወለውለው በዝቶብኛል።»

ጎረቤቴ የባቡሩ ሰው ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠጋ። «ልጅቷ የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው» አለ። እኔም ሳስበው ትንሽ ነው፤ ከእኔ ልትቀበለው የምትችለው ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ከአምስተኛው እስከ መጨረሻው ያሉት ገጾች ለብቻ ይታሸጉ፤ ስሞት ለእርሷ ብቻ ይሰጡ፤ ስድስተኛው አንቀጽ ብቻ ተገልብጦ ለንብረቱ ማዛወሪያ ይቅረብ። ገጾቹን ታቃጥላቸውም ታስቀምጣቸውም መብቱ የእርሷ ነው። ምስክሮቹ ነገሩን ከዚህ ክፍል እንዳያወጡት ቃል ገብተዋል፤ ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ እንዲገባ ተደርጓል።

እንግዲህ ሕዝቡ የማይገባኝን ክብር አልብሶ ይቀብረኛል፤ አፍ አውጥቼ አይገባኝም ልል አልችልም። ለብዙ ሰው ማይክሮፎን ዘግቻለሁ። ይህ ከመዘጋት የባሰ ነው፤ ግን የሚገባኝ ይኸው ነው።

ዘጠነኛ፣ የእኅቴ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ከመንከባከብ ነፃ ትሁን፤ በእርሷ ፋንታ ተከፋይ አስታማሚ ይቀጠር። ይህ አንቀጽ ተሰርዟል። የሰረዘችው ራሷ ናት፤ ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ወስዳ። ከስርዙ በላይ በእጇ የጻፈችው እንዲህ ይላል፤ «ነገ በሰዓቴ እመጣለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። እንዳታናግሪኝ።»

አላናግራትም።

የምለው አልቋል። በተሰረዘው ላይ ሁሉ ምልክቴን አድርጌአለሁ። ከዚህ ቀደም ያስጻፍሁት ሌላ ወረቀት ቢገኝ አይጸናም።

የተናዛዧ ፊርማ፤ ተፈርሟል።

እኛ ስማችንና አድራሻችን በተያያዘው ቅጽ የተመለከተ አራት ምስክሮች ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ ሆነው ሲናገሩ በአንድነት ተገኝተናል፤ ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊታችን ጮክ ተብሎ ተነብቧል፤ ተናዛዧ ደግሞ በጣታቸው እየተከተሉ በዓይናቸው አንብበውታል፤ ሦስት የፊደል ግድፈት አርመዋል።

የመድኃኒት ቤት ባለቤት፤ ተፈርሟል። ልብስ ሰፊ፤ ተፈርሟል። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፤ ተፈርሟል። የድምፅ ባለሙያ፤ ተፈርሟል።

እኔ ጸሐፊው ይህን ቃል የጨመርሁት ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ነው። ንባቡ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ወራሿ ተነሥታ ወጥታለች። ተናዛዧ አንገታቸውን ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ስለ ነበር አላዩም፤ በሩ ሲዘጋም አልሰሙም። እኔም አልጻፍሁላቸውም።